የሰኔው ፎቶ ለእማማ ሙሉወርቅ

ጭሮ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑሃሚን፣

እንዴት ከረምሽ? አላህ ጽናቱን ይስጥሽ። እኔም ፈርዶሳም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ አለን። ደብዳቤሽ ከአረፋ በፊት ነው የደረሰኝ፤ መልሱን ያዘገየሁት ግን ሰንፌ አይደለም፣ የጠየቅሽኝን ሳነበው ደንግጬ ነው። ይቅር በይኝ።

ኧረ አንቺ ልጅ! እኔን ተራራ አንሳ ትይኛለሽ? እኔ እኮ ጭሮ መሀል ፎቶ ቤት ከፍቼ ጉርድ ፎቶ የማነሳ፣ ሠርግ ሲኖር ሙሽሮችን አበባ ስር አቁሜ «ፈገግ በሉ» የምል ሰው ነኝ። ተራራ የወንድምሽ የደረጀ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን የጂኦግራፊ ደብተሮቹን ሳያርም ጥሎ፣ ካሜራውን አንግቦ ወደ ጋራው ይወጣል፤ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣና ሱቄ በር ላይ ጫማውን ያራግፍብኛል። «ተራራው እኮ ፈገግ በል ብትለው አይሰማህም» እያልኩ እቀልድበት ነበር። «ያንተስ ሙሽሮች መቼ ሰሙህ?» ይለኛል።

ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራ ካጠበው በኋላ ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ እኔ ነበርኩ የማትምለት። ስለዚህ እማማ ሙሉወርቅ ዘንድሮም እየጠበቁ መሆናቸው አልገረመኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ግንቦት ላይ አብረን የቀበርነው ሰው «ደህና ነኝ፣ ይኸው ተራራው» ብሎ ላከ ልበል? በእጄ አፈር ያለበስኩት ጓደኛዬ? ከሂርና በላይ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ካሜራውን አቁሞ፣ ደመናው እስኪገለጥ ወደ ላይ ሲያይ ነው የጫት አይሱዙ የገጨው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ በመኪና ሳልፍ እንኳ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።

እናታችሁን ደግሞ አውቃቸዋለሁ። በዓይን አላየኋቸውም እንጂ በየዒዱ በደረጀ ስልክ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» የሚሉኝ እናት ናቸው። ዘንድሮ አረፋ ላይ ስልኩ ዝም ሲል ፈርዶሳ ስታለቅስ ዋለች፣ ሥጋውንም አልቀመሰችው።

ግን እምቢ አልልሽም። እንዴት ብዬ! እሄዳለሁ። ብቻ ሁለት ነገር ጻፊልኝ፤ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተነገራቸው፣ ፎቶው ጀርባ ላይ ደግሞ ምን ይጽፍላቸው እንደነበር። አትሜ ስሰጠው ጀርባውን አይቼ አላውቅም።

ወንድምሽ ታጁዲን


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ታጁዲን፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። እምቢ ስላላልከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አድራሻ ስለጻፍክም ተባረክ። እንዳትደውልልኝ አደራ፤ ስልኬ እኔ ጋ አይውልም። እማዬ «ደሬ ቢደውልስ» እያለች ትራሷ ስር ነው የምታስቀምጠው። የቴሌ መልእክት በገባ ቁጥር «እሱ ነው? እሱ ነው?» ትለኛለች።

ለምን አልተነገራትም ብለሃል። ያን ሰሞን ልቧን ታማ ከሆስፒታል ገና መውጣቷ ነበር። ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካት» አለን። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይጻፍም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያረዳው። አጎቴ ሽማግሌዎቹን ይዞ በራችን ድረስ መጥቶ ነበር። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ስትሄድ ሲያያት «ዛሬስ አይሆንም» ብሎ መለሳቸው። አስከሬኑ እዚህ ቢመጣማ ማን ይደብቀዋል? እናንተ አገር የቀበርነው ለዚህ ነው። አጎቴ ወሰነ፣ እኔም እሺ አልኩ። ይኸው ወንድሜን ሰው አገር ትቼ፣ እናቴን «ለፈተና ሥራ ቦኬ ገጠር ተመድቧል፣ ኔትወርክ የለም» እያልኩ እዋሻታለሁ። መድኃኒቱ ያዝ ሲያደርጋት እንነግራታለን። ፎቶው እስከዚያ እንዲያቆይልን ነው።

ጀርባው ላይ ምንም አይጽፍም ነበር። እማዬ ማንበብ አትችልም። ተራራውን እያየች ነው «ዛሬ ብርድ መትቶታል»፣ «ዛሬ ደስ ብሎታል» የምትለው። ለኔ ድንጋይና ደመና ነው የሚታየኝ፤ እነሱ ሁለቱ ግን ይግባባሉ።

አንቺስ እንዴት ነሽ ላልከኝ፣ ጥቁር ልብሴን ትምህርት ቤት ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ባለጥለት ነጠላዬን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፤ መምህራን ክፍል ገብቼ ጥቁሬን እለብስና ሳስተምር እውላለሁ፤ ከሰዓት አውልቄ እመለሳለሁ። አርባውም ደርሷል። በኛ ሰበካ ካደረግነው ሰው ይነግራታልና ራቅ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ድምፄን አውጥቼ ለወንድሜ ያለቀስኩት እናንተ ቤት ብቻ ነው። ፈርዶሳን ሳምልኝ።

እህትህ ኑሃሚን


ጭሮ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኑሃሚን፣

ሰላም ነሽ ወይ? ስለ ጥቁር ልብስሽ የጻፍሽውን ለፈርዶሳ አነበብኩላት። ባላነበብኩላት ይሻል ነበር፤ ያን ቀን ቤታችን ምሳም አልቀረበም።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። እንዴት እንደተነሳ ልንገርሽና ሳቂብኝ፤ አንቺ አንድ ጊዜ መሳቅ አለብሽ። በማለዳ በሚኒባስ ሂርና ወረድኩና በእግሬ ወጣሁ። ጠመዝማዛው ላይ ለመቆም ልቤ እምቢ ስላለኝ በማሽላው ማሳ አቋርጬ ከሱ በላይ ወዳለው ጫፍ አመራሁ። ግማሽ ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ፤ ሆዴን ታውቂው የለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሠርግ ካሜራዬን በጃኬቴ ጠቅልዬ፣ ራሴ በስብሼ፣ ድንጋይ ስር ኩርምት አልኩ። ደመናው ትንሽ ከፈት ሲል ብድግ አልኩና ጠቅ አደረግኩ። ለካ ፍላሹን አላጠፋሁትም! ለተራራ ፍላሽ አበራሁለት! ከታች ጫት የሚለቅሙት ሴቶች መብረቅ መስሏቸው ጮኹ። የደረጀን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቢኖር እየሳቀ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

ስወርድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስቆሙኝ። «ማል ጎታ?» አሉኝ፣ ምን ትሠራለህ ማለታቸው ነው። ተራራ አነሳለሁ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «የመምህሩ ጓደኛ ነህ ማለት ነዋ! የት ጠፋብን እሱ?» አሉኝ። ወላሂ ኑሃሚን፣ «ሞተ» ማለት አቃተኝ። «አገሩ ገብቷል» አልኳቸው። «ሰላም በልልኝ» ብለውኝ ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። የናንተ አመል እኔም ላይ ተጋባ።

በሱ ካሜራ ብታነሳስ ትይኝ እንደሆን፣ አይሆንም፤ ተሰባብሯል። የሱን ዓይንማ ከየት አመጣለሁ። ፎቶው ጥሩ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ተራራው ያው የሱ ተራራ ነው። ለእናት ዓይን ይበቃል ብዬ ነው።

ወንድምሽ ታጁዲን


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታጁዲን፣

ፎቶው ደረሰ። ምነው ባልደረሰ!

እማዬ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብዙ አየችው። ትስቃለች ስል ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ ታሟል» አለች። «እንዴ እማዬ፣ ምን ታየሽ?» አልኳት። «ደሬ ደመናው ከጫፉ ላይ ወርዶ እስኪያልቅለት ይጠብቃል። ይሄ ገና ፊቱ ሳይገለጥ ነው የተነሳው። ልጄ እንዲህ ተቻኩሎ አያውቅም። ወይ ብርድ ይዞታል፣ ወይ የሚበላው አጥቷል፣ ወይ የምትደብቁኝ ነገር አለ።» ይኸው ከዚያን ቀን ጀምራ እህል በአፏ አልዞረም። ትናንት ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። ቦኬ ልትሄድ! ከበራችን እስከ አስፋልቱ መሄድ የማትችለው ሴትዮ!

አንተ ደግሞ ፍላሽ አበራሁ እያልክ ቀልድ ትጽፍልኛለህ። ለእናት ዓይን ይበቃል ትላለህ። የእናት ዓይን ነው ያልበቃው! ሥራዬ ብለህ ግማሽ ቀን ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

ይቅር በለኝ፣ ታጁዲን። ይሄን ቀድጄ ሌላ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሌላ የምናደድበት ሰው የለኝም። አርባውን አደረግን። አጎቴ፣ ሁለት አስተማሪ ጓደኞቼና ካህናቱ ብቻ ነበርን። ወጥቼ ነጠላዬን ቀይሬ፣ ለእማዬ ሙዝ ገዝቼ፣ ከሥራ የመጣሁ መስዬ ቤት ገባሁ። «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። ሽንኩርት አልኳት። ሙዝ ይዤ!

እባክህ ሌላ ፎቶ። እለምንሃለሁ።

ኑሃሚን


ጭሮ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኑሃሚን፣

አልተቀየምኩሽም። ደግሞ ብትሳደቢኝስ ምን ይደንቃል? ወንድምሽ በየሳምንቱ ነበር የሚሰድበኝ።

እውነትሽን ነው፣ ቸኩያለሁ። ቦታው አስፈርቶኝ ነው የቸኮልኩት። አሁን ያንን ትቼ መምህር ቢራቱን ይዤ ሄድኩ። ቢራቱን ታስታውሺው ይሆናል፤ ቀብሩ ላይ ጃንጥላ የያዘልሽ፣ ከደረጀ ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረው አስተማሪ ነው። ሱብሂ ሰግጄ ተነሳን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ምንም አይታይም፤ ጭጋግ ብቻ ነው፣ ቢራቱ አጠገቤ ቆሞ ድምፁን እንጂ መልኩን አላየውም። ተቀመጥን። ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ረፋዱ አለፈ። እጄ ደነዘዘ፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። «ደረጀ ይሄን ይወደው ነበር?» አልኩት። «ይሄን ነበር የሚወደው፣ ፎቶውማ ለእናቱ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ነፋስ ተነሳና ደመናው ከጫፎቹ ላይ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ተኛ። ወደ በደሳ በኩል ያሉት ጋራዎች በሙሉ አንድ ባንድ ወጡ፤ ታጥበው፣ አረንጓዴያቸው ገና የዛሬ ሆኖ። ሱብሃነላህ! ስንት ዓመት ከዚህ ጋራ ሥር ኖሬ አላየሁትም ነበር። ሳላስበው «ደረጀ፣ ና እይ!» ብዬ ተጣራሁ። ቢራቱ ፊቱን አዞረ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም፣ እየጮህኩ ነው ያለቀስኩት። ካነሳሁት በኋላ ነው ግን፤ ፎቶው አልተንቀሳቀሰም።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። እኛ ዘንድ ሞት አያድርም፤ የሞተው ቶሎ ይቀበራል፣ የቀረው ቶሎ ያለቅሳል። የናንተን ወግ አልነቅፍም፣ ለሰው ማሰብ ነው። ግን ይሄ ፎቶ ካስደሰታቸው ነሐሴም ሌላ ይፈልጋሉ፣ መስከረምም ሌላ። እስከ መቼ? እናት ልጇን የማልቀስ ሐቅ አላት። በዚህ ፎቶ ጉልበት ካገኙ ያን ጉልበት ለመርዶው አድርጉት። ቀኑን ቁረጡና ንገሯቸው። ፎቶው የኔ እንደሆነም ንገሪልኝ፤ የደረጀን ቦታ ልወስድ አልፈልግም።

ወንድምሽ ታጁዲን


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ታጁዲን፣

እጅህ ይባረክ። እማዬ ፎቶውን አይታ «እሰይ! ዳነልኝ!» አለች። ሳመችው። ምሳዋን በላች፣ ያውም ጨምሪልኝ ብላ። ግቢ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ጎረቤቶቹን ጠርታ «ልጄ ያለበት አገር ይኸው» እያለች ስታሳይ ዋለች፤ እነሱ ያውቃሉ፣ ሁሉም ያውቃል፣ እየተቀባበሉ «ሲያምር! ሲያምር!» ይላሉ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ከንፈሬን ነከስኩ። አንዷ ተከትላኝ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ።

ያልከኝን ለአጎቴ አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ሰውዬው እውነቱን ነው፣ ልጁን ሰው አገር ቀብረን እናቱን በወረቀት እናጫውታለን» አለና አለቀሰ። ቀኑን ቆርጠናል። የሐምሌ ገብርኤል ቅዳሜ ነው፤ እሱን በሰላም ታንግሥ፣ እሑድ በማለዳ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ሐኪሙም በዚያ ሰዓት አጠገቧ እንዲሆን ተጠይቆ እሺ ብሏል። የፎቶውን ነገር እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት።

ልምጣ ብለህ ታስብ ይሆናል፤ እሑድ ግን አትምጣ፤ ባታውቅህም ፊትህን አይታ ቀድማ ትረዳለች። በሳምንቱ ከፈርዶሳ ጋር ኑ። አብራችሁን ተቀመጡ። ያኔ ጥቁሬን ለብሼ ነው የማገኛችሁ።

የምፈራውንም ልንገርህ። እንዳትነሳ ነው የምፈራው። ግን አንተ እንዳልከው ሐቋ ነው።

እህትህ ኑሃሚን


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ታጁዲን፣

እንዴት ናችሁ? ሳልጽፍልህ የቆየሁት መጻፍ አቅቶኝ ነው። ይሄን በደብዳቤ መጻፍ እንደማይገባም አውቃለሁ፤ ግን አንተ ዘንድ የምልከው ሽማግሌ የለኝም፣ ይቅር በለኝ።

እማዬ አረፈች። በገብርኤል ዕለት ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጋደም እንዳለች። መርዶው አልደረሳትም። እሑድ ማለዳ ለመርዶ የጠራናቸው ሽማግሌዎች ለቀብሯ ዋሉ። ሐኪሙም መጣ። የደረጀን ከሷ ጋር አንድ ላይ አለቀስን፤ ለሁለቱም በአንድ ድንኳን ተቀመጥን። አሁን ጥቁሬን ቤት ውስጥ ነው የምለብሰው፤ የሚደበቀው ሰው የለም።

ሳትረዳ መሄዷ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። አላውቅም። ስለ ልጇ አንድ ቀን ሳታለቅስ ሞተች። ይሄ ያቃጥለኛል።

አሁን ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩበትን ልንገርህ። በዋዜማው ዓርብ ድካም ተሰምቷት አልጋ ላይ ሆና ጠራችኝ። «ምናልባት ብሞት» አለችኝ። «እማዬ!» ብዬ ልቆጣት ስል እጄን ያዘችኝ። «ዝም በዪና ስሚ። ለደሬ በስልክ እንዳትነግሩት። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይደነግጥብኛል። ያ ጓደኛው ታጁዲን ይንገረው። ብቻውን አይሂድ፣ ከሰው ጋር ይሂድ፤ በማለዳ፣ ሥራ ሳይገባ። ቀስ ብለው ይንገሩት። ልጄ ደንጋጣ ነው» አለችኝ።

እሺ እማዬ አልኳት። ምን ልበላት ኖሯል? «ማዪልኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

ታጁዲን፣ የማልኩት ነገር አንተ ጋ ነው ያለው። እብደት ነው ካልክ እብደት ነው በለኝ፣ አልቀየምህም።

ኑሃሚን


ጭሮ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኑሃሚን፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ምን ብዬ ላጽናናሽ? ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው «ነገ ና» ብዬ ዘጋሁና ቤቴ ገባሁ። በዓይን ያላየኋቸው እናት እንዲህ ያስለቅሱኛል ብዬ አላሰብኩም። ከፈርዶሳ ጋር በሳምንቱ መጥተን ባለመድረሳችን ይቅር በይን፤ የጠራሽን ደብዳቤ በክረምቱ መንገድ ዘግይቶ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የደረሰን። ለሰማንያው እንመጣለን።

እብደት አይደለም። እናት ለልጇ ያለችው ይደረጋል። አደረግነው፣ ምንም ሳልቀንስ እነግርሻለሁ።

«ከሰው ጋር» ብለዋል፣ ስለዚህ ቢራቱን ጠራሁ። የሱቄ ጎረቤት ሼህ ሐሰን ነገሩን ሲሰሙ «ሽማግሌ ሳይኖር ምን መርዶ አለ?» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ፈርዶሳም «ሴት ሳትኖርስ?» ብላ ተከተለችን። ፀሐይ ሳትወጣ ደረጀ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ዘበኛው በዚህ ሰዓት ምን ፈለጋችሁ አለን። «ለአንድ ልጅ የእናቱን መርዶ ልንነግረው ነው» አለው ቢራቱ። ሰውዬው አየን፣ አየንና ከፈተልን።

በሩ ላይ ማን ይናገር በሚለው ተገፋፋን። ሼህ ሐሰን «ቢራቱ በሃይማኖት አንድ ነው፣ እሱ ይሁን» አሉ። ቢራቱ «እናቱ የጠሩት ታጁዲንን ነው» አለ። እኔ ላይ ወደቀ። መቃብሩን የክረምቱ ሣር ሸፍኖታል። ዙሪያውን ቁጭ አልን፣ እርጥብ ነው፣ ማንም ግድ አላለው። «ደረጀ፣ እንዴት አደርክ?» አልኩት። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራሁት። ደግሞ እንደምንም ብዬ «እናትህን ትንሽ አሟቸው ነበር» አልኩት። ቢራቱ ቀበል አድርጎ «ሐኪም ቤትም ገብተው ነበር» አለው። ሼህ ሐሰን ቀጥለው «ኋላ ላይ በሽታው ጠናባቸው፣ ልጄ» አሉት። እንዲህ በየተራ፣ ቀስ ብለን፣ እሳቸው እንዳሉት። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሦስታችንም ማውጣት አቃተን፤ እርስ በርስ እየተያየን ቀረን። አላስችል ብሏት ጮኻ ያለቀሰችው ፈርዶሳ ናት። በሷ ለቅሶ ተረዳ።

ከዚያ ወዲያው አልተነሳንም። መርዶ የነገሩትን ሰው ብቻውን ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ፀሐይዋ እስክትሞቅ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥን።

ወንድምሽ ታጁዲን